የዘበኛው ሌላኛው ዓይን

የሥዕል ትምህርትን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ቅጹ ላይ አንደኛ ምርጫዬን አማርኛ፣ ሁለተኛውን ኅብረተሰብ ብዬ ነበር የሞላሁት። ስሜ የወጣው ግን ከውበት ትምህርት ዝርዝር ውስጥ ነው። ለትንንሽ ልጆች ሙዚቃ፣ ስፖርትና ሥዕል የሚያስተምር መምህር ጠፍቷል ተባለ።

"እኔ እኮ ክብ እንኳ በሳንቲም አስደግፌ ነው የምሥለው" አልኩት መዝጋቢውን።

"እንግዲህ ሦስት ክረምት አለሽ" አለኝና ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ።

ያኔ ከሮብ ገበያ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። የሚሊኒየሙ በዓል ካለፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። የምስክር ወረቀት ብቻ የነበረን መምህራን በክረምት እየተማርን ዲፕሎማ እንድንይዝ ተነገረን። ሐምሌ ሲገባ ደብረ ማርቆስ ወርደን እስከ ነሐሴ መጨረሻ ኮሌጅ እንከርማለን። ባለቤቴ ክረምቱን ከእርሻው አይነሳም። ሦስቱን ልጆቼን ለአማቴ ትቼ ነበር የምሄደው።

በመጀመሪያው ክረምት ትንሿ ልጄ ገና አፏን መፍታቷ ነበር። ስመለስ ከአማቴ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ "ይቺ ሴትዮ ማናት?" ብላ ጠየቀች። አማቴ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ከብቶቹን ለማየት ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከብቶቹ ግን መስክ ነበሩ።

በሦስተኛው ክረምት ዋዜማ አምስት ዓመት ሞልቷት ነበር። ልብሴን ሳጣጥፍ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ከዚህ በኋላ አትሄጂም?"

"አልሄድም።"

"በማርያም በይ።"

"በማርያም ዝም ብሎ አይማልም። ቃሌ ይበቃሻል።"

ቃሌን ሰጠሁ። ነገር ግን አንድ ትምህርት የወደቀ ሰው አራተኛ ክረምት እንደሚመለስ አውቅ ነበር። ይህን አልነገርኳትም።

የመጀመሪያውን ክረምት መስመር ስናሰምር ነው ያሳለፍነው። በሁለተኛው እንስራ፣ ወንበርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሣልን። ለእኔ እንስራው ቀለለኝ። እንስራ ተሸክሜ ነው ያደግኩት፤ ሆዱ የት ላይ እንደሚሰፋ ጀርባዬ ያውቀዋል። ሦስተኛው ክረምት የሰው አካል ነበር።

መምህራችን ከእኔ በአሥር ዓመት ያህል የሚያንስ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ታላቁ ስለሆንኩ እርስዎ ይለኝ ነበር። እኔም መምህሬ ነውና እርስዎ እለዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን እጃችንን ወደ ጎን አስዘረጋን።

"ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ከቁመታችሁ ጋር እኩል ነው" አለ። "ቁመታችሁ ደግሞ ሰባት ተኩል ራስ ያህል ነው። ዓይን የት ላይ ነው ያለው?"

"ከግንባር በታች" አልነው።

"ከአናት እስከ አገጭ ለኩት።"

ከይጁቤ የመጣ አንድ መምህር ነበር፤ ክፍሉን የሚያስቀው እሱ ነው። እርሳሱን ፊቱ ላይ አጋድሞ ለካና "ኧረ እውነቱን ነው! መሐል ላይ ነው!" አለ። "እኔ እስከ ዛሬ ግንባሬ የሰፋው በማሰብ ብዛት ይመስለኝ ነበር።"

እኔ ፊቴን ዳሰስኩ። ሦስት ልጅ ወልጄ፣ ሦስቱንም ገላ አጥቤ፣ ይህን ሳላውቅ ኖሬያለሁ። በልክ ነው የተሠራነው። በልቤ ተመስገን አልኩ። የሥዕል ትምህርት የደረሰኝም ያለ ነገር እንዳልሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

አንዱ ከኋላ እጁን አወጣ። "መምህር፣ በውጭ አገር ሰውን ራቁቱን አቁመው ነው የሚሥሉት ይባላል። እውነት ነው?"

አማተብኩ። መምህሩ ፈገግ አለ። "በማርቆስ ክረምት? ሰውየው በብርድ ይሞትብናል። እኛ የምንሥለው ጋቢ የለበሰ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከጋቢው ሥር ጉልበት እንዳለ መታየት አለበት።"

መጀመሪያ እርስ በርሳችን እየተፈራረቅን ተቀመጥን። አልሆነም። የይጁቤው መምህር ተራው ደርሶ ሲቀመጥ ከንፈሩን ነክሶ ጥቂት ቆየና በሳቅ ፈነዳ። ሌላዋ ሰው ሲያያት ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ነሐሴ ሲገባ መምህሩ የኮሌጁን ዘበኛ ይዞ መጣ።

ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው። ከሰባ ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጉንጫቸው የጎደጎደ ሰው ናቸው። አገራቸው ከጮቄ ተራራ ሥር ነው፤ ከእኔ መንደር በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ቢሆን ነው። ጾመ ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር ምንም ሳይቀምሱ ነበር የሚመጡት። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙና "እንግዲህ ምን ላድርግ?" አሉ።

"ምንም አያድርጉ አባባ። ዝም ብለው መቀመጥ ብቻ።"

"ይሄማ የየዕለት ሥራዬ ነው።"

ክብ ሠርተን ከበብናቸው። ሁሉም ፊት ለፊት ካልተቀመጥኩ ስለሚል መምህሩ ቁጥር ጽፎ በባርኔጣው ውስጥ ዕጣ ያወጣን ነበር። ቦታችንን ያዝን። እርሳሳችንን ወደ ፊት ዘረጋን፤ አንድ ዓይናችንን ጨፈንን። ራሳቸው በትከሻቸው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ መለካት ጀመርን። ይህን ሲያዩ አባባ ዱላቸውን ጠበቅ አደረጉ።

"ምነው፣ ሁላችሁም አነጣጠራችሁብኝሳ?"

"ልኬት ነው አባባ።"

"ጠመንጃ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልቆልኝ ነበር።"

የእኔ ዕጣ በግራ ጎናቸው በኩል ነበር የወደቀው። ከዚያ ሆኜ አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭና አንድ ዓይን ይታየኛል። ጋቢያቸውን ሣልኩ። እጃቸውን ሣልኩ፤ ዱላው ላይ የተደራረበው የጣታቸው አጥንት እንኳ ሳይበላሽብኝ ወጣ። ፊታቸው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ላጠፋ፣ ልሥል፣ ላጠፋ ብዬ በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞርኩትና ሁለት ዓይን አደረግሁላቸው።

መምህሩ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። አባባን አየ፤ ወረቀቴን አየ። ጎንበስ ብሎ በእኔ ከፍታ እንደገና አባባን አየ።

"ከዚህ ሆነው ሁለት ዓይን ይታይዎታል?"

"አይታየኝም።"

"ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?"

"ሁለት ዓይን እንዳላቸው አውቃለሁ።"

ክፍሉ ሳቀ። የይጁቤው መምህር "እህት ዓለም የጾመችበት ነው፤ ከግድግዳ ማዶ ሳይቀር ታያለች!" አለ።

መምህሩ አልሳቀም። ከሃያው ስድስት ሰጠኝና ሲወጣ እንድጠብቀው ነገረኝ።

ለእሱ የነገርኩትን እዚህም ልጻፈው። በደብራችን ያሉት ሥዕሎች ቅዱሳኑ ሁሉ ፊት ለፊት ናቸው፤ በሁለት ዓይን ያዩሃል። በጎን የተሣሉት፣ አንድ ዓይን ብቻ ያላቸው፣ ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት ወታደሮችና ሰይጣን ናቸው። ልጅ ሳለሁ እናቴ እጄን ይዛ በግድግዳው ዙሪያ ታሳልመኝ ነበር። ሁለት ዓይን ካላቸው ዘንድ ትቆማለች። ገራፊዎቹ ዘንድ ስንደርስ እጄን ሳብ አድርጋ ታሳልፈኛለች።

"እነዚህ ለምን አንድ ዓይን ብቻ አላቸው?" ብዬ ጠየቅኳት አንድ ቀን።

"ፊታቸውን አዙረው ነዋ።"

"ከማን?"

"ከእግዜር።"

መምህሩ እስክጨርስ ሰማኝ። "እኔም እኮ ደብር አጠገብ ነው ያደግኩት" አለኝ። "ነገር ግን ይሄ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይደለም። እዚህ ማንም ማንንም አይኮንንም። አባባን ጻድቅ ናቸው ወይም ኃጥእ ናቸው ማለት የእኛ ሥራ አይደለም። የሚታየዎትን ብቻ ነው የምጠይቅዎት።"

"ገብቶኛል መምህር። እጄን ነው ያቃተኝ።"

"ፈተናውም እንዲሁ በዕጣ ነው። ጎን ከደረሰዎት ጎን ነው። ቦታ መቀያየር የለም።" "እንዲወድቁ አልፈልግም" ብሎ ጨመረ። እንደማይፈልግ ከፊቱ አየሁ።

በቀጣዮቹ ቀናት ሁለት ጊዜ ፊት ለፊት፣ አንድ ጊዜ ከጀርባ ደረሰኝ። ጀርባ አልከበደኝም። በአራተኛው እንደገና ጎን ደረሰኝ፤ እንደገና ሁለት ዓይን ሣልኩ። መምህሩ ነጥቡን ጽፎ አለፈ። ያን ዕለት ከሰዓት ቅዳሴ ቆሜ ሐሳቤ ሁሉ ከትንሿ ልጄ ዘንድ ነበር። ይቺ ሴትዮ ማናት የምትለዋ ድምፅ አልለቅ አለችኝ።

ፈተናው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው መምህሩ ጥሩ ጥሩውን ሥዕል መርጦ ኮሪደሩ ላይ ለጠፈ። እንድንበረታታ ብሎ ነው። ክፋት አልነበረበትም። ከሁሉ የሚያምረው አንዲት የጉንደ ወይን ልጅ ከጎን የሣለችው ነበር። የቅንድባቸው ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። የእኔ እዚያ አልነበረም።

ጠዋት ስንመጣ አባባ ከዚያ ሥዕል ፊት ቆመው አገኘናቸው።

"ይሄ እኔ ነኝ?"

"አዎ አባባ" አለች የጉንደ ወይኗ ልጅ ደስ ብሏት። "አልመሰለዎትም?"

"መስሏል። መምሰሉንማ መስሏል።" ጣታቸውን ወደ ወረቀቱ አስጠጉ፤ ግን አልነኩትም። "ሌላው ዓይኔስ?"

ልጅቷ ወደ እኛ ዞረች።

"ምን በደልኩ?" አሉ አባባ። ለማናችንም አልነበረም የተናገሩት። ዱላቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ ባዶ ሆነ። መምህሩ ሥዕሎቹን ያኔውኑ አነሳቸው፤ ሄዶም ይቅርታ ጠየቃቸው። "በር የሚጠብቅ የለም" ብለው መለሱለት እንጂ አልተቆጡም። ሌላ ሰው እንዳይፈልግ ጊዜ አልነበረውም፤ ደግሞ ሌላ ሰው ማምጣት አባባን የባሰ ማዋረድ መሰለው። ተቀማጭ ከሌለ ፈተናው አይኖርም። ፈተናው ከሌለ ደግሞ የሁላችንም ነጥብ ሳይሞላ ወደየአገራችን ልንበተን ነው።

በሦስተኛው ቀን መምህሩ ጠራኝ።

"እርስዎ ያናግሩልኝ።"

"እኔ?"

"እዚህ ክፍል ውስጥ የአባባ ነገር የሚገባው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"መምህር፣ እኔ እኮ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ምን ብዬ አግባባቸዋለሁ?"

"አላውቅም" አለ። እውነቱን ነበር።

ሄድኩ። ከኮሌጁ በር አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ አለች፤ በውስጧ አጭር አግዳሚ ወንበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አባባ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን መንገዱን አየን። በቅሎ ጭና የምታልፍ አንዲት ሴት በዓይናችን ሸኘን። አንድ ባጃጅ ጭቃ ረጭቶ አለፈ።

"መምህሩ ነው የላከሽ።"

"አዎ አባባ።"

"ደግ ልጅ ነው። እሱን አልተቀየምኩትም።" ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "ልጄ፣ ይህን ያህል ዘመን ኖርኩ። ሰው አልገደልኩ። የሰው ድንበር አልገፋሁ። በስተርጅና እነዚያ ጌታን ከገረፉት ጋር ግድግዳ ላይ ሰቀሉኝ። የደብራችን ቄስ ልጅ እዚህ ይማራል። አይቶት ይሆናል።"

ከደብተሬ መሐል ስድስት ያገኘሁበትን ሥዕል አወጣሁና ሰጠኋቸው። አርቀው ያዙት፤ አቀረቡት።

"ይሄ ደግሞ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ሆ! ይሄስ ሟች ወንድሜ ነው። እኔ አፍንጫዬ እንዲህ ተጣሞ አያውቅም።"

ሳቄ መጣ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ሁለቱ ዓይኖች ላይ አሳለፉ። "ግን ሙሉ ነው። ማን ነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ። በእሱ ነው የወደቅኩት።"

"ለምን?"

"የማላየውን ስለሣልኩ።"

"እና ብትወድቂ ምን ይሆናል?"

ነገርኳቸው። አራተኛ ክረምት እንደምመለስ ነገርኳቸው። ስለ ትንሿ ልጄ፣ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ስለጠየቀችው፣ ስለሰጠኋት ቃል። ብዙ አልተናገርኩም። እሳቸው ሥዕሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"የኔም የመጀመሪያዋ ልጄ እንዲሁ ብላኝ ነበር" አሉ። "ከዘመቻ ስመለስ። 'እማዬ፣ እንግዳ መጣ' ብላ ገባች።"

በዚህ መሐል የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ። የፍልሰታ ቅዳሴ ሊገባ ነው። አባባ ተነሱ። እኔም ተነሳሁ። ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ደብሩ መለስን። ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ አይታይም፤ ከፊታችን የባሕር ዛፍና ዝናብ ብቻ ነበር። አማተቡ፤ አማተብኩ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ከጎን ነበርኩ። አንድ ዓይን ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ በብርዱ ውኃ አቅርሯል፣ ሽፋሽፍቱ ነጥቷል። ሌላው ዓይናቸው ወደ ደብሩ ነበር።

እናቴን አሰብኩ። የእናቴን ፊት ልቅም አድርጌ አውቀዋለሁ። ግን መቼ ነው እንዲያ ያየኋት? ቤት ውስጥ ስትሠራ ትዞራለች፣ ትጎነበሳለች፤ ቆማ አታውቅም። ረጅም ሰዓት ቆማ ያየኋት ቅዳሴ ላይ ነው። አጠገቧ ሆኜ፣ ከታች አንጋጥጬ፣ ከጎን። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የእናቴን አንድ ዓይን ነበር የማየው። አንድ ቀንም ሌላው ጎደለ ብዬ አላውቅም።

"አባባ" አልኳቸው። "ቅዳሴ ላይ አጠገብዎ የሚቆመውን ሰው ስንት ዓይኑን ነው የሚያዩት?"

"እንዴት ማለት?"

"ከጎንዎ የቆመውን።"

ትንሽ አሰቡ። በሐሳባቸው ቅዳሴ የገቡ ይመስላሉ። "አንዱን" አሉ።

"ሌላውስ?"

"ሌላውማ ወደ መቅደስ ነው።" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ቀረ። "እኅ" አሉ። ተመልሰው ተቀመጡ። "እኅ። እሱስ እውነት ነው።"

ዝናቡ እስኪያባራ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"እቀመጣለሁ" አሉኝ። "ግን ፊቴን የማዞርበትን እኔ ነኝ የምመርጠው።"

"እሺ አባባ።"

ልሄድ ስነሳ ሥዕሌን አልመለሱልኝም። "ይቺን ተይልኝ። ለቤቴ ይቺ ትሻላለች።"

"እርስዎን አይመስልም ብለው አልነበረም?"

"ልጆቼ እኔን ያውቁኛል። ወንድሜን ይዩበት።"

ፈተናው ጾሙ በተፈታ በሁለተኛው ቀን ነበር። አባባ ነጭ ጋቢ አጥበው ለብሰው መጡ። ወንበሩን አዩና "ምሥራቅ በየት ነው?" ብለው ጠየቁ። መምህሩ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ወንበሩን ራሱ አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረላቸው። የእኛንም ወንበሮች በዙሪያው እንደገና ደረደረ። አባባ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙ፤ ፊታቸውን ሰጡ፤ ከዚያ በኋላ አልተነቃነቁም።

ዕጣ ወጣ። የጉንደ ወይኗ ልጅ ፊት ለፊት ደረሳት። የእኔ በቀኝ ጎናቸው በኩል ነበር። የይጁቤው መምህር ቁጥሬን አየና ጠጋ አለኝ።

"እህት ዓለም፣ ዕጣሽ አልለቅሽ አለ። የኔ ወደ ፊት ለፊቱ ያደላል። ቀስ ብዬ ልቀይርሽ? አያየንም።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ይሁን፣ እዚሁ እቀመጣለሁ።"

"ብትወድቂስ?"

"ይሁን አልኩህ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ጋቢውን ሣልኩ። ጉልበታቸው ከሥሩ እንዲታወቅ እጥፋቱን ተከተልኩ። እጃቸውን፣ ዱላውን፣ አንገታቸውን ሣልኩ። ጆሯቸውን ከቅንድባቸው እስከ አፍንጫቸው ጫፍ ባለው ከፍታ መሐል አስቀመጥኩት፤ እንደተማርነው። ግንባርና አፍንጫ፣ ከንፈርና አገጭ በአንድ መስመር ወረዱ። የዓይኑን ቦታ ክፍት ተውኩት። ሰዓቱ ሊያልቅ ሩብ ሲቀረው ሌላ የቀረኝ ነገር አልነበረም።

በስመ አብ ብዬ ጀመርኩ።

ከጎን ሲያዩት ዓይን ፊት ለፊት እንደሚታየው ክብ ነገር አይደለም። ወደ ፊት የተከፈተ ትንሽ ማዕዘን ነው፤ ከላይ ሽፋን፣ ከታች ሽፋን፣ በመሐሉ ጥቁሩ ወደ ፊት ተጠግቶ። አንድም ነገር ከራሴ አልጨመርኩም። እያየሁ ሣልኩ፤ እያየሁ አጠፋሁ። በመጨረሻ በላጲሱ ጥግ ጥቁሩ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ከፈትኩ። የመስኮቱ ብርሃን ነበር እዚያ የተቀመጠው። ያን ጊዜ አባባ ማየት ጀመሩ። በወረቀቱ ላይ ማለቴ ነው።

መምህሩ መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ እንደነበር ያወቅኩት ሲሄድ ነው።

ወረቀት ከመሰብሰቡ በፊት አባባ ዱላቸውን ይዘው ዞሩ። እያንዳንዱን አዩ። የእኔ ዘንድ ቆሙ።

"ወዴት ነው የማየው?"

"ወደ ምሥራቅ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያውስ ደግ።" ሊሄዱ ብለው ተመለሱ። "አፍንጫዬን ግን ዛሬም አልማርሽውም።"

ውጤቱ የተለጠፈው በሳምንቱ ነው። ሰው ሲሻማ ቆይቼ ቦታው ሲለቅ ነበር ያየሁት። አልፌያለሁ። ከክፍሉ ከፍ ካሉት አልነበርኩም፤ ከመካከለኞቹ ትንሽ ዝቅ ብዬ ነበር። በቃኝ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ተመስገን አልኩ። የይጁቤው መምህር በሩቁ "እህት ዓለም፣ ከርሞ ማን ሊያስቀን ነው?" ብሎ ጮኸ። "አንተው አለህ አይደል?" አልኩት። እሱ ሙዚቃ ወድቆ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ይስቅ ነበር።

መምህሩን ልሰናበት ስሄድ ወረቀቴን ከክምሩ አውጥቶ አሳየኝ። ከሥር በቀይ የጻፈው ነጥቡን ብቻ ነው። ቀና ብሎ ግን "እኔ ምሥራቁን አላስብም ነበር" አለኝ። "ከዚህ በኋላ ለሚቀመጥልኝ ሰው ሁሉ ወዴት ማየት እንደሚፈልግ እጠይቃለሁ።" ለዚህም አመሰገንኩት። ብዙ ሰው አስተምሮኛል፤ ሲያጠፋ ጥፋቱን የነገረኝ መምህር ግን እሱ ብቻ ነው።

አባባ በር ላይ ሆነው ሸኙኝ። ለልጅሽ ብለው የተጠበሰ በቆሎ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። "እንግዳ አይደለችም፣ እናትሽ ናት በያት" አሉኝ።

መኪናው ሮብ ገበያ ሲያወርደኝ ትንሿ ልጄ አባቷ ትከሻ ላይ ሆና ትጠብቀኝ ነበር። አልተደበቀችም። በቆሎውን ቀድማ ተቀበለችኝ፤ ከዚያ በበቆሎ እጇ አንገቴን ያዘች።

"አለቀ?"

"አለቀ።"

"ከርሞ?"

"ከርሞ እዚሁ ነኝ።"

በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዣት ሄድኩ። እንደ እናቴ በግድግዳው ዙሪያ አሳለምኳት፤ ከዚያ ከሴቶቹ ጋር ቆምን። ቅዳሴ ላይ ዓይን ማንከራተት ደግ አይደለም። አንድ ጊዜ ግን ወደ ጎኔ ዝቅ ብዬ አየኋት። አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን። አፏን ከፈት አድርጋ ወደ መቅደሱ መጋረጃ ታያለች። ጥቁሩ ላይ የጧፍ ብርሃን ተቀምጧል።

ከዚያ እኔም ፊቴን ወደ ፊት መለስኩ።